ተማሪው ዝግመተ ለውጥ ገብቶታል ወይስ ሸምድዶታል? ፈተና ለምታወጡ መምህራን

"የተፈጥሮ ምርጫ ምንድን ነው? 5 ማርክ።" ይህን ጥያቄ አውጥቶ የማያውቅ የባዮሎጂ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። ተማሪው ሃንድአውቱ ላይ ያለችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይጽፋታል፣ እናንተ 5 ከ5 ትሰጣላችሁ፣ ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ ትለያያላችሁ። ያንኑ ልጅ ኮሪደር ላይ አስቁማችሁ "አንቲባዮቲክ እየቆየ ለምንድን ነው መሥራት የሚያቆመው?" ብትሉት ግን "ባክቴሪያው ራሱን ለመከላከል ሲል ይቀየራላ" ይላችኋል። ማርኩ ግን ገብቷል።

ይህ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዝግመተ ለውጥ ለምታስተምሩ ነው፤ ለፍሬሽማንም ይሁን ለዲፓርትመንት ተማሪ። ልጆቹ ባዶ ሆነው አይመጡም። ሃይስኩል ተምረውታል፣ ለማትሪክ ብለው አጥንተውታል። ሚውቴሽን፣ አዳፕቴሽን፣ ፊትነስ የሚሉትን ቃላት አፋቸውን ሞልተው ይጠሯቸዋል። ከቃላቱ ሥር ያለው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፣ ተራ ፈተና ደግሞ ያንን ሌላ ሐሳብ አያወጣውም።

ችግሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1990 ቢሾፕና አንደርሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባዮሎጂ ዋና ትምህርታቸው ያልሆነ የኮሌጅ ተማሪዎችን ፈትነው ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪዎቹ ከዚያ በፊት በአማካይ 1.9 ዓመት ባዮሎጂ ተምረዋል። ውጤታቸው ግን ዝቅተኛ ነበር፣ ብዙ የተማረውም ጥቂት ከተማረው አልተሻለም። ብዙዎቹ ፍጥረታት የሚለወጡት ስለሚያስፈልጋቸው ነው ብለው ያስባሉ፣ ለውጡም በሁሉም ላይ እኩል ቀስ በቀስ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እኛ ክፍል ውስጥ የምንሰማው ያው ነው።

መጀመሪያ የምትለኩትን ወስኑ

መረዳት ሌላ፣ መቀበል ሌላ። ይህን ካልለያችሁ ቀሪው ሁሉ ይበላሻል። ክፍላችሁ ውስጥ ከግቢ ጉባኤ የመጣም፣ ከጀመዓ የመጣም፣ ከፌሎሺፕ የመጣም ተማሪ አለ። "ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በዝግመተ ለውጥ የመጣ ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?" ብላችሁ ስትጠይቁ አንዱ ሐሳቡን በሚገባ እያወቀው በእምነቱ ምክንያት "ሐሰት" ይላል፣ ሌላው ምንም ሳይገባው መምህሩን ለማስደሰት "እውነት" ይላል። ከሁለቱ መልስ ስለ መረዳታቸው ያገኛችሁት ነገር የለም። ከላይ ባነሣሁት የ1990 ጥናት ውስጥም ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን ማመን አለማመኑ ከፈተና ውጤቱ ጋር ግንኙነት አልነበረውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጥያቄውን "አንድ የባዮሎጂ ባለሙያ ይህን እንዴት ያብራራዋል?" ብላችሁ ጀምሩ። ፈተናውን ስታድሉም በግልጽ ተናገሩ፤ "የማርመው ማብራሪያችሁን ነው፣ ሃይማኖታችሁን አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም።" ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር አትናቋት። ተማሪው ወጥመድ ያለ ከመሰለው የሚያውቀውንም አይጽፍም።

መቀበልንም ማወቅ ከፈለጋችሁ ለብቻው መጠይቅ አለው። ረትሌጅና ዋርደን በ1999 ያወጡት ባለ 20 ዓረፍተ ነገር መለኪያ በሰፊው የሚታወቀው ነው፤ ተማሪው "በጣም እስማማለሁ" ከሚለው እስከ "በጣም አልስማማም" ድረስ ይመርጣል። እሱም ቢሆን እንከን አለበት። የመሬት ዕድሜን የመሰሉ የእውቀት ጉዳዮችን ከመቀበል ጋር ይደባልቃል ተብሎ ይተቻል። ከተጠቀማችሁበት ያለ ስም፣ ያለ ማርክ፣ ከፈተናው በተለየ ቀን ይሁን።

አንድ ተማሪ ገብቶታል የሚባለው ምን ሲል ነው?

ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ብቻ እናውራ። ማብራሪያው ውስጥ 5 ነገር ትፈልጋላችሁ። አንደኛ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉት ግለሰቦች ከመጀመሪያውም አንድ ዓይነት እንዳልነበሩ። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ የመጣው በሚውቴሽንና በጂኖች መቀያየጥ እንጂ በፍላጎት እንዳልሆነ። ሦስተኛ፣ ባሕርዩ ለልጅ የሚተላለፍ መሆኑን። አራተኛ፣ በዚያ አካባቢ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የበለጠ በሕይወት ቆይተው የበለጠ እንደሚራቡ። አምስተኛ፣ በዚህ ምክንያት የዚያ ባሕርይ ድርሻ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚጨምር፤ ማለትም የሚለወጠው የመንጋው ስብጥር እንጂ እያንዳንዱ እንስሳ እንዳልሆነ።

በሌላ በኩል የምታድኗቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። "ስለሚያስፈልገው አበቀለ" የሚለው ንጉሡ ነው። "ስላልተጠቀመበት ጠፋ" ይከተላል። "ሁሉም ቀስ በቀስ ተለወጡ" አለ። "ጠንካራው ያሸንፋል" አለ፣ ፊትነስን፣ ማለትም በሕይወት ቆይቶ የመራባት ብቃትን፣ ከጡንቻ ጋር ያምታታ። ዝግመተ ለውጥን መጨረሻው ላይ ሰው የቆመበት መሰላል አድርጎ ማየትም አለ። ጥሩ ፈተና እነዚህን በስማቸው የሚይዝ ነው። "58 ከ100 አገኘ" ከሚል ውጤት ይልቅ "ሚውቴሽንን ያውቃል፣ ግን ሚውቴሽን በፍላጎት የሚመጣ ይመስለዋል" የሚል ውጤት መቶ እጥፍ ይጠቅማችኋል።

የተዘጋጀ ካለ ለምን ትደክማላችሁ?

ከባዶ መነሣት የለባችሁም። አንደርሰን፣ ፊሸርና ኖርማን በ2002 ያሳተሙት ባለ 20 ጥያቄ የምርጫ ፈተና አለ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲአይኤንኤስ ይባላል። 10 ሐሳቦችን እያንዳንዳቸውን በ2 ጥያቄ ይፈትሻል። ጥያቄዎቹ በጋላፓጎስ ፊንች ወፎች፣ በቬንዙዌላ ጋፒ ዓሦችና በካናሪ ደሴቶች እንሽላሊቶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው የተፈጠሩ አይደሉም፣ ተማሪዎች በእርግጥ የሚያስቧቸው ናቸው። ለማረም ደቂቃ አይፈጅም፣ ትልቅ ክፍል ላላችሁ ይመቻል።

ጊዜ ካላችሁ ግን እኔ የምመርጠው የጽሑፍ ጥያቄ ነው። የቢሾፕና አንደርሰን የአቦሸማኔ ጥያቄ እስከ ዛሬ አላረጀችም፤ አቦሸማኔ በሰዓት ከ60 ማይል በላይ ይሮጣል፣ ቅድመ አያቶቹ 20 ማይል ብቻ ይሮጡ ነበር እንበል፣ ይህ ችሎታ እንዴት መጣ? በቃ ይኸው ነው። ኔምና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት አኮርንስ የሚባለው ደግሞ ይህንኑ ቅርጽ ይዞ ፍጥረቱን ይለዋውጣል፤ አንዴ እንስሳ፣ አንዴ ተክል፣ አንዴ ባሕርይ የተገኘበት፣ አንዴ ባሕርይ የጠፋበት። ይህ ጨዋታ አይደለም። ተማሪዎች እንስሳ አንድ ነገር "ሲያገኝ" በደንብ ያብራራሉ፣ ተክል አንድ ነገር "ሲያጣ" ግን ወደ ድሮ ሐሳባቸው ይመለሳሉ። በአንድ እንስሳ ብቻ ከፈተናችሁ ይህን አታዩትም።

ለጄኔቲክ ድሪፍት (የባሕርይ ድርሻ በምርጫ ሳይሆን በአጋጣሚ ሲለዋወጥ) ለብቻው በ2014 የወጣ መለኪያ አለ፣ ለከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች ይሆናል። ለፍሬሽማን እርሱት።

የተዘጋጁትን ስትጠቀሙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የጥያቄ ወረቀቱ ከክፍል አይውጣ፣ ቆጥራችሁ አድሉ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ። አለበለዚያ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ቴሌግራም ላይ ከነመልሱ ታገኙታላችሁ፣ የሚቀጥለው ባች ደግሞ "በጣም ጎበዝ" ይሆንባችኋል። ሁለተኛ፣ ጋፒውን አውጥታችሁ በቆሮሶ ከተካችሁ አዲስ ፈተና ሠርታችኋል ማለት ነው። መቀየር መብታችሁ ነው፣ ግን ውጤቱን ከሌላ አገር ውጤት ጋር ማወዳደር አትችሉም።

የራሳችሁን ጥያቄ ከአገር ቤት አውጡ

እዚህ ላይ ሀብታም ነን። ደቂቃ ወስዳችሁ አስቡት።

የመጀመሪያው ምርጫዬ ወባ ነው። ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣት ወግታ ደሙን የምታንጠባጥብበትና ለዓመታት በስፋት የተሠራበት ፈጣን መመርመሪያ ኪት የሚያየው ፓራሳይቱን ራሱን አይደለም፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ፓራሳይት የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። የዚህ ፕሮቲን ጂን የሌላቸው ፓራሳይቶች አሉ። ኪቱ አያያቸውም፣ ሕመምተኛው "ነጻ ነህ" ይባላል፣ መድኃኒት አይወስድም፣ ትንኟ ከእሱ ወደ ሌላው ትወስዳቸዋለች። በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝተዋል፤ በ2021 የታተመ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናትም ጂኑ የጠፋበት ፓራሳይት በተፈጥሮ ምርጫ እየተስፋፋ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቧል።

ይህን ታሪክ በ4 አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉና የመጨረሻውን ክፍል ደብቁት። "ኪቱ በስፋት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ጂኑ የሌላቸው ፓራሳይቶች ድርሻ ጨመረ። አንድ የባዮሎጂ ባለሙያ ይህ እንዴት እንደሆነ ሲያብራራ ምን ይላል?" ይህ ጥያቄ የሚጣፍጠው ለምን መሰላችሁ? ኪቱ መርዝ አይደለም። ፓራሳይቱን አይነካውም። ስለዚህ "ተዋግቶ አሸነፈ" የሚለው የለመደ መልስ ማምለጫ ያጣል። በዚያ ላይ ባሕርይ የጠፋበት ታሪክ ነው፣ ተማሪው ሃንድአውት ላይ አላየውም። ሐሳቡ ያልገባው ልጅ "ፓራሳይቱ ከምርመራው ለመደበቅ ሲል ጂኑን ጣለው" ይላል። ተገኘ!

ሁለተኛው የስንዴ ዋግ ነው፤ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ኬንያና ኡጋንዳን ያስጨነቀውን ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ ስለሚቋቋም ብዙ ገበሬ ዘራው። በ2013 እና 2014 ግን ባሌና አርሲ ላይ ሌላ የዋግ ዘር መጥቶ ማሳውን አወደመው። ከዚህ ብዙ ጥያቄ ይወጣል። የተለወጠው ስንዴው ነው ወይስ ፈንገሱ? ዲገሉ በሰፊው መዘራቱ ለአዲሱ ዋግ ምን አመቻቸለት? ከገበሬ ቤተሰብ የመጣ ተማሪ ይህችን ጥያቄ ሲያይ ዓይኑ ይበራል፤ ሲአይኤንኤስ ላይ ያሉትን ጋፒዎች ግን በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም።

ሦስተኛው ውርስን የሚፈትሽ የምርጫ ጥያቄ ነው። እንዲህ ይሁን፤

አዋሽ ተወልዶ ያደገ ሯጭ ሱሉልታ ወጥቶ ለዓመታት ሠለጠነ፣ የቀይ የደም ሕዋሱ መጠንም ጨመረ። በኋላ ወደ አዋሽ ተመልሶ ልጅ ወለደ። ከሥልጠናው የተነሣ ልጁ
ሀ. ከሌሎች የአዋሽ ልጆች የበለጠ ቀይ የደም ሕዋስ ይዞ ይወለዳል።
ለ. የአባቱን ጭማሪ ግማሹን ይወርሳል።
ሐ. በዚህ ረገድ ከአባቱ ሥልጠና የሚወርሰው የለም።
መ. ሩጫ ከጀመረ አባቱ ያካበተው ይነሣለታል።

መልሱ ሐ ነው። "መ" የምትለዋ ብልጥ ነች፤ "ሀ" ሞኝነት እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ እንኳ ይገባባታል። እንዲህ ዓይነት ምርጫዎችን ከራሳችሁ አእምሮ አትፍጠሩ። ጥያቄውን መጀመሪያ ያለ ምርጫ ለአንድ ክፍል ስጡ፣ ልጆቹ በራሳቸው ቃል የጻፉትን ስህተት ሰብስቡ፣ ከእሱ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን ምርጫ አድርጉት። መምህር የፈጠረው ስህተት ማንንም አያታልልም። ትክክለኛውን መልስ ደግሞ ረጅሙ አታድርጉት፣ ያቺን ዘዴ 8ኛ ክፍል እያሉ ነው የነቁባት። "ሁሉም መልስ ነው" የምትለዋን ሰርዟት።

ስለ ድንቅነሽም ላንሣ። በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ አርዲ 4.4 ሚሊዮን፣ የኸርቶው ሰው ወደ 160 ሺህ። ቁጥሮቹን መጠየቅ ትዝታን መፈተን ነው። ከዚያ ይልቅ "ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፣ አንጎሏ ግን ትንሽ ነበር። አንጎል ከተለቀ በኋላ ነው ቀጥ ብሎ መሄድ የመጣው የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ ይህን ይዘሽ ምን ትይዋለሽ?" ብትሉ ማስረጃን ከሐሳብ ጋር ማያያዝ ትችል እንደሆነ ታያላችሁ።

ዛፍ ማንበብ

የዝርያዎች የዘር ሐረግ ዛፍ ማንበብ ለብቻው መፈተሽ አለበት፣ የተፈጥሮ ምርጫን የተረዳ ሁሉ ዛፍ ማንበብ አይችልም። እዚህም የአገር ቤት እንስሳ አለን። ሰው፣ ቺምፓንዚ፣ ጭላዳ፣ ዝንጀሮና ጉሬዛ ያሉበት ዛፍ ሳሉ። ጭላዳንና ዝንጀሮን አቀራርባችሁ፣ ጉሬዛን ከእነሱ ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ ግን ራቅ አድርጋችሁ፣ ሰውንና ቺምፓንዚን በሌላው ቅርንጫፍ። ከዚያ "ጭላዳ በዝምድና የሚቀርበው ለሰው ነው ወይስ ለቺምፓንዚ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ብዙው ተማሪ ቺምፓንዚ ይላል፣ ስለሚመሳሰሉ። ሌላው ወረቀቱ ላይ አጠገቡ የተሳለውን ይመርጣል። መልሱ እኩል ነው የሚለው ነው፤ ጭላዳ ከሁለቱም ጋር የሚገናኘው በዚያው አንድ የጋራ ቅድመ አያት ነውና። ሁለተኛ ወረቀት ላይ ያንኑ ዛፍ ቅርንጫፎቹን በመገናኛቸው ላይ አዙራችሁ ሳሉትና "ይህ ዛፍ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው ወይስ የተለየ?" በሉ። ከዚህ የበለጠ አጭርና ጨካኝ ጥያቄ አላውቅም። ባውም፣ ስሚዝና ዶኖቫን በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ለዚሁ ያወጡት አጭር ፈተና አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት።

ቋንቋው እንዳይፈትናቸው

ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው። ግን እየፈተናችሁ ያላችሁት እንግሊዝኛ አይደለም። ማረም የሚችል ባልደረባ ካላችሁ ተማሪው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሚቀለው ይጻፍ። ካልሆነ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገሮች አሳጥሩ፣ የማያስፈልግ የፈረንጅ እንስሳ ስም አውጡ።

ፈተናውን ለክፍሉ ከመስጠታችሁ በፊት ጥቂት ተማሪዎችን አንድ በአንድ አስቀምጡና ጥያቄውን ጮክ ብለው እያነበቡ ለምን ያንን እንደመረጡ እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ሻይ ጋብዟቸው፣ አትቸኩሉ፣ አታርሟቸው። ትክክለኛውን በተሳሳተ ምክንያት የመረጠ ካለ ጥያቄው ይስተካከላል። ጥያቄውን ጭራሽ በሌላ መንገድ የተረዳውም እዚሁ ይታወቃል።

የጽሑፍ መልስ እንዴት ይታረማል?

ሁለት ዓምድ አድርጉ። በአንዱ ከላይ ካልኳቸው 5 ሐሳቦች የተገኙትን ቁጠሩ፣ በሌላው የተሳሳቱትን። አታቀናንሱ። ለምን እንደሆነ በወባው ጥያቄ ላይ ላሳያችሁ።

አንዱ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፤ "ጂኑ የጠፋባቸው ጥቂት ፓራሳይቶች በሚውቴሽን ምክንያት ቀድሞም ነበሩ። ኪቱ ስለማያያቸው ሰውየው አይታከምም፣ እነሱም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋሉ። ሌሎቹ በመድኃኒት ይሞታሉ። በየጊዜው የእነሱ ድርሻ ይጨምራል።" ግሩም ነው። ግን ቆጥሩት፤ ልዩነቱ አለ፣ ምንጩ አለ፣ እኩል አለመራባቱ አለ፣ ድርሻው መለወጡ አለ። ዘራቸውም ያንን ባሕርይ እንደሚወርስ አልጻፈም። ስለዚህ 4 ከ5፣ ስህተት 0። እናንተ "ያውቀዋል፣ ግልጽ ስለሆነ ነው የተወው" ብላችሁ አትሙሉለት። ያልተጻፈ አይቆጠርም።

ሌላዋ ደግሞ "ሚውቴሽን ተፈጠረ፣ የተፈጥሮ ምርጫም ተካሄደ፣ ምክንያቱም ፓራሳይቱ በሕይወት ለመኖር ጂኑን ማስወገድ ነበረበት" አለች። ቃላቱ አሉ፣ ከባዱ ስህተትም አለ። ትክክል 1፣ ስህተት 1። "የተፈጥሮ ምርጫ ተካሄደ" የሚለው ብቻውን ምንም አይቆጠርለትም፣ እንዴት እንደተካሄደ አልተናገረችማ። ነጥቦቹን ብታቀናንሱ ዜሮ ታገኛላችሁና ምንም ካልጻፈው ልጅ ጋር አንድ ትሆናለች። እሷ ግን ምንም ያላወቀች አይደለችም፣ አዲሱን ሐሳብ በአሮጌው ላይ ደርባዋለች። አብዛኛው ክፍላችሁ እዚህ ነው ያለው።

"ተላመደ" ብሎ ለጻፈ በዚያች ቃል ብቻ ማርክ አትስጡ፣ አትቀንሱም። ቀጥሎ የጻፈውን አይታችሁ ፍረዱ።

ሁለት ሰው ሆናችሁ አርሙ፣ ሳትነጋገሩ፣ ስም ሸፍናችሁ። ከዚያ ምን ያህል እንደተስማማችሁ የኮሄን ካፓ በሚባለው ስሌት አስሉት። ከ0.6 በታች ከሆነ የእርማት መመሪያችሁ ግልጽ አይደለም፣ ተቀምጣችሁ ተከራከሩና እንደገና አርሙ፤ 0.8 ከደረሰ እሰየው። የእንግሊዝኛ መልሶችን በኮምፒውተር የሚያርም ኢቮግሬደር የተባለ መሣሪያም አለ፣ በአማርኛ ለተጻፈ መልስ ግን አልተሠራም።

መቼ ይሰጥ?

ሁለት ጊዜ። ትምህርቱ ሳይጀመር በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያ ምዕራፉ ካለቀ በኋላ። ካለቀ ማግስት አትስጡ፣ ጥቂት ሳምንት ይለፍ፣ ሽምደዳው ይርገፍ። ማርክ የሚያዘው በትክክለኛ መልስ ሳይሆን በመሳተፍ ይሁን። ማርክ ያለበት ቦታ ኩረጃ አለ፣ ኩረጃ ካለ ያገኛችሁት የአንድ ጎበዝ ልጅ መልስ በ30 ቅጂ ነው። ክፍል ውስጥ፣ በወረቀት፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ። አሳይመንት አድርጋችሁ ብትልኩት ቻትጂፒቲ ዝግመተ ለውጥ በደንብ እንደገባው ታረጋግጣላችሁ።

የሁለቱን ውጤት በእያንዳንዱ ተማሪ መለያ ቁጥር አገናኙ። መሻሻልን ለማስላት ዝም ብላችሁ አትቀንሱ፤ 80 ይዞ የጀመረ 40 ሊያሻሽል አይችልም። ሄክ የተባለ የፊዚክስ መምህር በ1998 በሰፊው ያስተዋወቀው ቀላል ስሌት አለ፤ የተሻሻለውን ሊሻሻል ይችል ለነበረው አካፍሉ። ክፍሉ በአማካይ ከ40 ወደ 55 ከሄደ 15ን ለ60 ታካፍላላችሁ፣ 0.25 ይሆናል። መጀመሪያ ያልፈተነ መምህር "አስተምሬያቸው ነው ያወቁት" የማለት መብት የለውም፣ ከሃይስኩል ይዘውት መጥተው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄዎቹንም ፈትኑ። 60 ተማሪ ካላችሁ በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉትን 16ና ከታች ያሉትን 16 ውሰዱ፤ 27 በመቶ ገደማ ነው። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 13፣ ከታችኞቹ 5 ከመለሱት ልዩነቱ 8 ነው፣ ለ16 ሲካፈል 0.5። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የገባውን ካልገባው ይለያል። ከ0.2 በታች የሆነውን ተጠራጠሩት። ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ማለትም ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ካገኙት፣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፋችሁን እዩ። ክፍላችሁ 15 ሰው ከሆነ ግን በእነዚህ ቁጥሮች አትጨነቁ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ይሻላችኋል።

ውጤቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ

ከአማካዩ በፊት የትኛው የተሳሳተ ምርጫ ብዙ ሰው እንደሳበ እዩ። ክፍሉ በሙሉ "ስለሚያስፈልገው" ላይ ከተኮለኮለ የቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ርእስ ተገኝቷል። የልጆቹን መልስ ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጻፉና "ይህ ማብራሪያ የጎደለው ምንድን ነው?" ብላችሁ እነሱን አከራክሯቸው፤ እናንተ ትንሽ ዝም በሉ።

ከዚያ ድጋሚ ፈትሹ፣ ግን በዚያው ጥያቄ አይደለም። ወባውን ተምረውታል፣ መልሱን ይዘውታል። አሁን እሾህ የነበራቸው ቅድመ አያቶች የነበሩት፣ እሱ ግን እሾህ የሌለው ቁጥቋጦ ስጧቸው። ፓራሳይቱን አሳምሮ ያብራራ ልጅ ቁጥቋጦው ላይ ሲደርስ "ስለማያስፈልገው ተወው" ካለ፣ ገና ነው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከቁጥቋጦው ጀምሩ።